ብረቱንስ ምን ላድርገው?

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉ ስለ አርመርድ ኬብል፣ ማለትም ሽቦዎቹ በብረት ስለተጠቀለሉ ኬብል ናቸው። የመጀመሪያው ረዘም ያለ መልስ ስለሚፈልግ ሰፊውን ቦታ ወስዷል፤ ሌሎቹ ጠያቂዎች ይቅር ይበሉኝ።

ጥያቄ፦ ከቤታችን ጀርባ 40 ሜትር ገደማ ርቃ አንድ ክፍል አለች። መብራትና ሁለት ሶኬት ላስገባላት ፈልጌ ባለ ሦስት ኮር (ውስጡ ሦስት ሽቦ ያለው)፣ ባለ 4 (እያንዳንዱ ሽቦ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር) አርመርድ ኬብል ገዛሁ። ቤት ውስጥ ካለው ባለ 2.5 የሶኬት መስመር ላይ ልቀጥለው አስቤያለሁ። ጓደኛዬ “ብረቱን ላጥና ጣለው፣ መዳቡን ከመዳብ ጠምዝዘህ ናስትሮ ጠቅልልበት፣ አለቀ” ይለኛል። ብረቱ የሚጣል ከሆነ ታዲያ ለምን ገንዘብ አወጣሁበት? ብረቱንስ ምን ላድርገው?

መልስ፦ መጠርጠርህ ልክ ነው። የጓደኛህን ምክር ግን እዚያው ተወው።

ብረቱ ሁለት ሥራ አለው። አንዱን ሁሉም ያውቀዋል፤ ኬብሉን ከአካፋ፣ ከድንጋይ፣ ከአይጥ ጥርስ ይጠብቃል። ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። አካፋው በርትቶ ኬብሉን ቢበሳ፣ ፌዙ (ኃይል የሚያመጣው ሽቦ) ጋ የሚደርሰው ብረቱን አልፎ ነው። ብረቱ ከኤርዝ (ከመሬት መስመር) ጋር በደንብ ከታሰረ በዚያች ቅጽበት ብዙ ከረንት ከፌዙ በብረቱ በኩል ይፈስና ብሬከሩ ይወርዳል። ቆፋሪው ይደነግጣል፣ ግን ይተርፋል። ካልታሰረ ደግሞ ያ 40 ሜትር ብረት ከጫፍ እስከ ጫፍ ፌዝ ተሸክሞ ይቀመጣል፤ ብሬከሩም ምንም አላየሁም ብሎ ዝም ይላል፣ ሰው እስኪነካው ድረስ። እንግዲህ ብረቱ የመስመሩ አንድ አካል ነው ማለት ነው። መያዝ አለበት፣ መታሰርም አለበት።

ወደ እሱ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ ያ ባለ 2.5 መስመር አሁን ምን ምን ተሸክሟል? ማታ ማታ ምድጃና ካውያ የሚሰካበት መስመር ከሆነ ሌላ ክፍል የሚቀጥልበት አቅም የለውም። አንተ የገዛኸው ባለ 4 ነው፣ ጎሽ፣ ግን ወፍራም ኬብል ከቀጭን ኬብል በኋላ ቢቀጠል ቀጭኑን አያወፍረውም። ብሬከሩ የሚመረጠው በመስመሩ ላይ ባለው በቀጭኑ ኬብል ልክ ነው። ባለ 2.5 አብዛኛውን ጊዜ በ16 ወይም በ20 አምፔር ነው የሚጠበቀው። “አሁን ባለ 4 አለኝ፣ ብሬከሩን 32 ላድርገው” ካልክ ግድግዳ ውስጥ ያለው ባለ 2.5 ይግላል፣ ብሬከሩም እያየ ያሳልፈዋል።

ርቀቱም አለ። ባለ 2.5 መዳብ በእያንዳንዱ ሜትር፣ በእያንዳንዱ አምፔር 18 ሚሊ ቮልት ገደማ ይበላል፤ ባለ 4 ደግሞ 11 ገደማ። 40 ሜትር ላይ 16 አምፔር ብትጎትት በባለ 2.5 ቢሆን 11.5 ቮልት ይጠፋብህ ነበር፣ የ230 ቮልት 5 በመቶ ማለት ነው። በባለ 4 ግን 7 ቮልት ነው፣ 3 በመቶ። ብዙ ደንቦች ለመብራት እስከ 3፣ ለሌላው እስከ 5 በመቶ ነው የሚፈቅዱት፤ ያውም ከመነሻው ተቆጥሮ፣ ቤት ውስጥ ያለው ባለ 2.5 የበላው ተደምሮ። ስለዚህ ባለ 4 መግዛትህ ጥሩ ሠርተሃል። እኔ ብሆን ግን ከሶኬት መስመር ላይ አልቀጥለውም፤ ከቦርዱ የራሱን ብሬከር ሰጥቼ ለብቻው አወጣዋለሁ። ያን ጊዜ እዚያች ክፍል ውስጥ አንድ ነገር ቢበላሽ ቤቱ በሙሉ አይጨልምም። ቦርዱ ቦታ ከሌለውና የሚሰካው አምፖል፣ የስልክ ቻርጀርና ሬዲዮ ብቻ ከሆነ ከሶኬቱ መስመር ቢቀጠልም ይሠራል። የውሃ ማሞቂያ ወይም ምድጃ ካሰብክ ግን በፍጹም።

እሺ፣ መነሻው ተወሰነ እንበል። አሁን ኃይሉን አጥፋ። ብሬከሩን ብቻ ሳይሆን ዋናውን። ለምን? በአሮጌ ቤት የአንዱ መስመር ኒውትራል (የመመለሻ ሽቦ) ከሌላው መስመር ጋር ተጋርቶ ታገኘዋለህ፤ የአንተን ብሬከር አውርደህ ኒውትራሉን ስትፈታ የሌላኛው መስመር ጭነት በእጅህ በኩል መንገድ ይፈልጋል። ከዚያ ፈትሽ። ባለ አምፖሉን ካቻቢቴ ቴስተር ብዙ አልወደውም፤ አምፖሉ ተቃጥሎ ቢሆን “ኃይል የለም” ብሎ ይዋሽሃል። ሁለት ምላስ ያለው ቴስተር ወይም መልቲሜትር ያዝ። መጀመሪያ ኃይል እንዳለው በምታውቀው ቦታ ሞክረው፣ ከዚያ የምትሠራበትን መስመር ለካ፣ ከዚያ እንደገና ወደሚታወቀው ቦታ ተመልሰህ ሞክረው። ሦስተኛውን የሚዘለው ብዙ ነው። ግን መለኪያው መሃል ላይ ሞቶ እንደሆነ የምታውቀው በእሱ ብቻ ነው። ሌላ ሰው መጥቶ ዋናውን እንዳያበራው ደግሞ ቆልፈው፣ ቢያንስ ወረቀት ለጥፍበት።

መገናኛው ስካቶላ (የሽቦ መገናኛ ሳጥን) ውስጥ ይሆናል። ነገ ተነገ ወዲያ ተከፍቶ የሚታይ ስካቶላ፣ ልስን ተደፍኖበት የሚጠፋ አይደለም። አርመርድ ኬብሉ እዚያ ድረስ መጥቶ ያበቃል፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ተራው የቤት ኬብል ይቀጥላል። ውጪ ግድግዳ ላይ የምትገጥመው ከሆነ አይፒ 65 (አቧራና ውሃ የመከላከል ደረጃ ነው) ወይም ከዚያ በላይ የተጻፈበትን ምረጥ፣ ኬብሉንም ከሥር አስገባው። ከላይ የገባ ኬብል ዝናቡን እየመራ ወደ ውስጥ ያወርደዋል።

ወደ ስካቶላው የሚገባው ደግሞ በግላንድ ነው። ግላንድ የብረት ሽቦዎቹን ጨምድዶ የሚይዝ የነሐስ ማሰሪያ ነው። መጠኑ ከኬብሉ ውፍረት ጋር መግጠም ስላለበት ልትገዛ ስትሄድ ቁራጭ ኬብል ይዘህ ሂድ። ለደረቅ፣ ለቤት ውስጥ የሚሆነው ቢ ደብሊው ይባላል፤ ለውጪ የሚሆነው ሲ ደብሊው። ሲ ደብሊው የኬብሉን የውጪ ላስቲክ አጥብቆ የሚይዝ ጎማ አለው፣ ቢ ደብሊው የለውም። ላዩ ላይ የሚለበሰው የፕላስቲክ ኮፍያ ውሃ የሚከለክል የሚመስላቸው አሉ። ቢ ደብሊው ላይ ያንን ኮፍያ ማልበስ ሲ ደብሊው አያደርገውም።

አገጣጠሙ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ኮፍያውንና የግላንዱን የኋላ ክፍል ኬብሉ ላይ አስገባ። ይህን ረስቶ ሁሉንም ከጨረሰ በኋላ “ውይ!” ያላለ ባለሙያ ያለ አይመስለኝም። ቀጥለህ የውጪውን ላስቲክ ስካቶላው ውስጥ የምትፈልገውን ያህል ላጠው። ሽቦዎቹ ይታዩሃል። ከላስቲኩ ጫፍ ጀምሮ የግላንዱን ሾጣጣ ክፍል የሚሸፍን ያህል ሽቦ ትተህ ዙሪያውን በብረት መጋዝ ጫር አድርገው። ጫር ብቻ፣ የሽቦውን ግማሽ ያህል። ቆርጬ ልጨርሰው ካልክ መጋዙ ወደ ውስጠኛው ልባስ ይገባል፣ እዚያ ያደረስከው ቁስል ደግሞ በግላንዱ ተሸፍኖ ስለሚቀር ማንም አያየውም። ከተጫረ በኋላ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ወዲህ ወዲያ ስታጥፋቸው ቀጭ እያሉ ይሰበራሉ። የቀሩትን አጫጭሮቹን ከፈት ከፈት አድርገህ ሾጣጣውን ከሥራቸው አስገባ። ሳይደራረቡ በዙሪያው እኩል ይተኙ። የኋላውን ክፍል አምጥተህ በሁለት መፍቻ አጥብቅ። ከዚያ ኬብሉን ጎተት አድርገው፤ ከተንቀሳቀሰ ገና አልጠበቀም።

አሁን ኤርዙ። ስካቶላው ፕላስቲክ ከሆነ ግላንዱ ከምንም ጋር አልተገናኘም፤ የነሐሱ ማማር አያታልልህ። ባንጆ የሚሉት ጆሮ ያለው ቀለበት አለ፣ በግላንዱና በስካቶላው መካከል ይገባል። በጆሮው ቀዳዳ ብሎን ታሳልፍና ወደ ስካቶላው ውስጥ ታስገባዋለህ፣ በውስጥ በኩል ሮንዴላና ዳዶ አድርገህ ጫፉ ላይ ቀለበት የተጨመቀበት አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ታስርበታለህ። ያ ሽቦ ከቤቱ ኤርዝ ጋር ይገናኛል። ስካቶላው ብረት ከሆነም ቀለም የተቀባ ብረት ላይ አትተማመን፤ ግላንዱ የሚያርፍበትን ፋቀው፣ ወይም እዚያም ባንጆውን ተጠቀም። አንድ ነገር ልጨምር፣ የብረት ስካቶላ ከሆነ ፌዙን በአንዱ ቀዳዳ ኒውትራሉን በሌላው አታስገባ። የሁለቱ ከረንት እርስ በርሱ የሚጣፋው አንድ ላይ ሲያልፉ ነው፤ ከተለያዩ በመካከል ያለው ብረት ራሱ መጋል ይጀምራል።

ከሦስቱ ኮሮች አንዱን ለኤርዝ ትጠቀማለህ አይደል? ጥሩ። መዳቡ ከብረቱ የተሻለ መንገድ ነው። ግን “ኤርዝ ኮር ስላለኝ ብረቱን ማሰር አያስፈልግም” እንዳትል። ያ ኮር መሣሪያህን ነው የሚጠብቀው፣ የሚቆፍረውን ሰው የሚጠብቀው ብረቱ ነው። ሁለቱም ይታሰሩ።

ቀለም ላይ ተጠንቀቅ። አዲሱ ባለ ሦስት ኮር አርመርድ ኬብል ብዙ ጊዜ ቡኒ፣ ጥቁርና ግራጫ ሆኖ ነው የሚመጣው፣ ለሦስት ፌዝ ታስቦ። ቤት ውስጥ ያለው አዲስ ከሆነ ቡኒው ፌዝ፣ ሰማያዊው ኒውትራል፣ አረንጓዴና ቢጫው ኤርዝ ነው። አሮጌ ከሆነ ቀይ፣ ጥቁርና አረንጓዴ ልታገኝ ትችላለህ። በአሮጌው ጥቁር ኒውትራል ነበር፣ በአዲሱ ጥቁር ፌዝ ነው። ይሄ ቀልድ አይደለም። የአርመርዱን ጥቁር በሁለቱም ጫፍ ሰማያዊ ናስትሮ፣ ግራጫውን አረንጓዴና ቢጫ አልብሳቸው። ከአንተ በፊት የሠራው ሰው ምን እንዳደረገ ስለማታውቅ ደግሞ ከቀለም ይልቅ መለኪያህን እመን።

ማገናኛው ላይ ጓደኛህ ያለውን መጠምዘዝና ናስትሮ እርሳው። ላላ ያለ ግንኙነት ግማሽ ኦም ብቻ ቢኖረው፣ 10 አምፔር ሲያልፍበት 50 ዋት ሙቀት ይወጣዋል፤ ስካቶላህ ውስጥ የጋለ የብየዳ ካውያ ዘግተህ እንደ መሄድ ነው። ብሬከሩ ይህን አያውቅም፣ የሚያልፈው ከረንት ልኩ ነውና። ተርሚናል ብሎክ ወይም ባለ ማንሻ ኮኔክተር ተጠቀም፣ አምፔሩ ከብሬከሩ የማያንስ። የቤቱ ሽቦ ብዙ ጊዜ አንድ ወጥ መዳብ ነው፣ የአርመርዱ ደግሞ ብዙ ቀጫጭን ሽቦ የተጠማዘዘ፤ ማገናኛው ለሁለቱም የሚሆን መሆኑን አይተህ ግዛ። የተጠማዘዘውን በቆርቆሮ ብየዳ ማጠንከር ጥሩ የሚመስላቸው አሉ። ብሎን ሥር የገባ ብየዳ ግን ቀስ በቀስ ይሸሻል፣ ብሎኑም ይላላል። ባዶውን ጨምቀው። መዳብ ከኮኔክተሩ ውጪ አይታይ። እያንዳንዱን ሽቦ ለየብቻው ጎተት አድርገው። በነገራችን ላይ አሮጌው ሽቦ ብርማ ቀለም ካለው አሉሚኒየም ሊሆን ይችላል፣ ያን ጊዜ ለአሉሚኒየምና ለመዳብ ተብሎ የተሠራ ማገናኛ ካልሆነ አታገናኝ።

ከማብራትህ በፊት መለካት አለ። የኤርዙን አለመቋረጥ ከክፍሏ ጫፍ እስከ ዋናው ኤርዝ ድረስ፣ ብረቱን ጨምሮ። ከዚያ ሜገር በሚባለው የሽፋን መለኪያ በ500 ቮልት የሽፋኑን ጥንካሬ፤ ከ1 ሜጋ ኦም ካነሰ አታብራ፣ አዲስ ኬብል ከሆነ ደግሞ ከዚያ እጅግ የበለጠ ነው የምትጠብቀው። የተሰኩ ዕቃዎችን ነቅለህ ለካ፣ 500 ቮልት ለኤሌክትሮኒክስ ደግ አይደለም። ሜገር የሌለህ እንደሆነ ያለው ሰው ጥራ፤ በብዙ ቦታ እንዲህ ያለውን ሥራ ፈቃድ ያለው ባለሙያ እንዲሠራው ወይም እንዲያረጋግጠው ደንቡ ራሱ ያስገድዳል፣ መጀመሪያ እሱን ጠይቅ። ጉድጓዱስ? ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ይቆፈራል፣ መኪና የሚያልፍበት ከሆነ የበለጠ። ከኬብሉ በላይ የማስጠንቀቂያ ፕላስቲክ ሪባን ዘርጋ። ስታጥፈው ደግሞ የቅስቱ ሬዲየስ ከኬብሉ ውፍረት 8 እጥፍ አይነስ።

ጥያቄ፦ ቤቴ የቆየ ነው፣ ከቦርዱ የሚወጣው ሁለት ሽቦ ብቻ ነው። ለውሃ ፓምፑ አርመርድ ኬብል የዘረጋልኝ ልጅ ብረቱን ከኒውትራሉ ጋር አሰረውና “እማማ፣ ኒውትራልና ኤርዝ መጨረሻቸው አንድ ነው” አለኝ። ልመነው ወይ?

መልስ፦ አይመኑት እማማ። እንዲያውም ይህንን እንዳነበቡ የፓምፑን ብሬከር ያውርዱት፣ እስኪስተካከልም አያብሩት።

ልጁ ግማሽ እውነት ሰምቷል። አንዳንድ አቅርቦት ላይ ኒውትራልና ኤርዝ መነሻው ላይ፣ ከቆጣሪው በፊት ወይም ዋናው ቦርድ ላይ ይገናኛሉ። ከዚያ በኋላ ግን መለያየት አለባቸው። አሁን እርስዎ ጋ ያለውን አንድ ነገር እንበል፤ በቦርዱና ብረቱ በታሰረበት ቦታ መካከል ኒውትራሉ ላላ ወይም ተበጠሰ። ፌዙ በፓምፑ ሞተር ጥቅል ውስጥ ያልፍና በሌላ በኩል ይወጣል፣ መመለሻ ስለሌለው ብረቱ ላይ ይቀመጣል። ፓምፑ አይሠራም። “ምን ሆነ?” ብለው ሊያዩት ሲሄዱ የሚነኩት ግላንድና ቱቦ 230 ቮልት ነው። ብሬከሩ አይወርድም፣ ሾርት አልሆነማ።

መፍትሔው ለቤቱ እውነተኛ ኤርዝ ማስገባት ነው። የመዳብ ዘንግ መሬት ውስጥ ተቀብሮ ከእሱ ሽቦ ወደ ቦርዱ ይመጣል። ግን ዘንጉ ብቻውን በቂ እንዳይመስልዎት። የዘንጉ ተቃውሞ 50 ኦም ቢሆን፣ በደረቅ አፈር ከዚህም ይብሳል፣ ፌዝ ብረቱን ሲነካ የሚፈሰው 230 ለ50 ሲካፈል 4.6 አምፔር ነው። ባለ 16 ብሬከር ለ4.6 አምፔር ዓይኑንም አይገልጥም። ስለዚህ ከዘንጉ ጋር አርሲዲ የሚባለው የሊኬጅ ብሬከር ያስፈልጋል፣ 30 ሚሊ አምፔር የሚለው። እሱ ገና ትንሽ ሲያፈስ ይቆርጣል። 30 ሚሊ አምፔር በ50 ኦም ሲያልፍ ብረቱ ላይ የሚታየው 1.5 ቮልት ብቻ ነው።

አርሲዲ ብቻ ገዝተው ኤርዙን ቢተዉትስ? ከምንም ይሻላል። ግን ያን ጊዜ ኤርዙ እርስዎ ነዎት፤ አርሲዲው የሚቆርጠው ከረንቱ በሰው በኩል ማለፍ ሲጀምር ነው። ሁለቱም አብረው ይግቡ። ልጁ ያሰረውን ብረትና ኒውትራል ደግሞ መጀመሪያ ያስፈቱት፤ ያ እስር እያለ አርሲዲ ቢገባ ያለ ምክንያት ሲወርድ ይውላል፣ ከዚያ “ዕቃው ብልሹ ነው” ተብሎ ይነቀላል። የሙከራ ቁልፉን በየጊዜው መጫንም አይርሱ።

ጥያቄ፦ አትክልት ስቆፍር የተቀበረ አርመርድ ኬብል በዶማ መታሁት። ብሬከሩ ወረደ፣ ደህና ነኝ። አሁን የተመታውን ቦታ በናስትሮ ጠቅልዬ፣ በላስቲክ ሸፍኜ ብመልሰው ይሆናል?

መልስ፦ እንኳን ተረፍሽ እህቴ። ያተረፈሽ ብረቱን በትክክል ያሰረው ሰው ነው፣ ማን እንደሆነ ካወቅሽ አመስግኚው።

አይሆንም። ናስትሮ መሬት ውስጥ ውሃ አይከለክልም። ውሃው ከገባ ደግሞ በዚያች ቁስል ብቻ አይቆምም፣ በብረት ሽቦዎቹ መካከል እየሄደ ዝገቱን ይዞ ሩቅ ይደርሳል። ከተቻለ ኬብሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀይሪው፤ ርዝመቱ አጭር ከሆነ ሌላውን አማራጭ ማሰብም አያስፈልግም። ረጅም ከሆነ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ሁለቱን ጫፎች ከመሬት በላይ አውጥቶ በግላንድ ውሃ በማያስገባ ስካቶላ ውስጥ ማገናኘት ነው። ብዙ ጊዜ ኬብሉ ለዚህ አይደርስም፣ ትንሽ አዲስ ኬብል ጨምረሽ ሁለት ስካቶላ ይሆናል፤ አያምርም፣ ግን ተከፍቶ ይታያል። ሌላው ለመሬት ውስጥ የተሠራ የሬዚን መገጣጠሚያ ነው። ኮሮቹ በተጨማቂ ማገናኛ ይገጣጠማሉ፣ ቅርፊቱ ይዘጋል፣ ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ ይፈስበታል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ በኋላ አይከፈትም።

እዚህ ላይ ሰዎች የሚረሱት ያው ብረቱን ነው። ኮሮቹን ገጣጥመው ብረቱን ከግራና ከቀኝ ተቆርጦ ይተዉታል። ያን ጊዜ ከመገጣጠሚያው ወዲያ ያለው ብረት ኤርዝ የለውም፣ ቀጣዩ ዶማ ደግሞ እዚያ ሊያርፍ ይችላል። ከዕቃው ጋር ብረቱን የሚይዙ ማሰሪያዎችና ድልድይ የሚሆን ሽቦ ይመጣሉ፤ ካልመጡ ሌላ ግዢ። ሬዚኑ ከመፍሰሱ በፊት የብረቱን አለመቋረጥ አስለኪ። ከፈሰሰ በኋላ ማወቁ ለምንም አይጠቅምም።

ጥያቄ፦ አሮጌ ቤት ሳድስ ግድግዳ ውስጥ እንደ ምንጭ ተጠምዝዞ በብረት የተጠቀለለ ተጣጣፊ ኬብል አገኘሁ። ከአዲሱ የፕላስቲክ ኬብል ጋር ላገናኘው እችላለሁ?

መልስ፦ ይሄ ሌላ ዘር ነው፣ ከሚቀበረው ባለ ሽቦ አርመርድ ጋር አታምታታው። መሬት ውስጥም አይቀበርም። በአሮጌው ዓይነት ብረቱ ራሱ ብቻውን ነው ኤርዝ የሚባለው። ጥቅልል ስለሆነ ከረንቱ ዙሪያውን እየዞረ ነው የሚሄደው፣ መገጣጠሚያዎቹ ሲዝጉ ደግሞ ተቃውሞው ይጨምራል። ሾርት ሲሆን ብሬከሩን ለማውረድ የማይበቃ፣ ብረቱን እንደ ምድጃ ሽቦ ለማጋል ግን የሚበቃ ከረንት ሊያሳልፍ ይችላል። በኋላ የመጡት በብረቱ ሥር በርዝመቱ የሚሄድ ቀጭን የአሉሚኒየም ጥብጣብ አላቸው፣ ይህን ችግር የሚያቃልለው እሱ ነው። ስለዚህ ጫፉን ከፍተህ ጥብጣቡ ወይም የራሱ ኤርዝ ሽቦ መኖሩን እይ። ሁለቱም ከሌሉ ብረቱን እንደ ኤርዝ አትቁጠረው።

ከዚያ የኮሮቹን ሽፋን እይ። ጨርቅ የለበሰ ጎማ ከሆነና ስታጥፈው እየተሰነጠቀ የሚረግፍ ከሆነ ማገናኘቱን ተወው፣ መስመሩን በሙሉ ቀይር፤ በተለይ ከአምፖል በላይ ያለው በሙቀት ደርቆ ነው የምታገኘው። ደህና ከሆነ ብቻ የብረት ስካቶላ ውስጥ አገናኘው፣ እያንዳንዱ ኬብል በራሱ ማሰሪያ ይግባ። የተቆረጠው የብረት ጫፍ ምላጭ ነው። በእሱና በኮሮቹ መካከል የምትገባ ትንሽ የፕላስቲክ ቀለበት ትሸጣለች፣ እሷን ሳታስገባ አትዝጋው።

ጥያቄ፦ የውጪው መብራት መስመር ዝናብ በዘነበ ቁጥር አርሲዲውን ያወርደዋል። ሲደርቅ ይመለሳል። ኬብሉ አርመርድ ነው። ኬብሉ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ምናልባት፣ ግን ከኬብሉ በፊት ስካቶላውን ክፈተው። ዋናውን አጥፍተህ፣ በመለኪያ አረጋግጠህ። ውስጡ እርጥብ ከሆነ ወይም ኮኔክተሮቹ አረንጓዴ ካበቀሉ ሌባውን አግኝተኸዋል። ኬብሉ ከላይ ገብቶ እንደሆነ፣ ግላንዱ ቢ ደብሊው እንደሆነ፣ የክዳኑ ጎማ ተጣሞ እንደሆነ እይ። ሲሊኮን ከውጪ መለጠፍ የገባውን ውሃ ውስጥ ያስቀረዋል እንጂ አያስወጣውም፤ ግላንዱን ቀይር፣ ኬብሉን ከሥር አስገባ፣ የዛጉትን ማገናኛዎች ጥለህ መዳቡን እስከ ንጹሑ ድረስ ቆርጠህ አዲስ ግጠም።

ስካቶላው ደረቅ ከሆነ አምፖሉ የተገጠመበትን መያዣ እይ። እሱም ደረቅ ከሆነ ኬብሉን ከሁለቱም ጫፍ ፈተህ፣ ብቻውን በሜገር ለካው፤ አንድ ጊዜ በደረቅ ቀን፣ አንድ ጊዜ ዝናብ እንዳቆመ። ቁጥሩ ከዝናብ በኋላ ከወደቀ ቁስሉ መሬት ውስጥ ነው፣ ያን ጊዜ ከላይ ለእህቴ የጻፍኩትን አንብብ። እስከዚያ ድረስ አርሲዲውን በተራ ብሬከር እንዳትለውጠው።